ሰባተኛው ዓምድ

ቅጹ ሰባት ዓምድ አለው። ስድስቱ ሰፋፊ ናቸው፦
የዛፍ ስም፣ ውፍረት፣ ቁመት፣ ጣውላቸው፣ ዋጋቸው፣
ስድስተኛው ጠቅላላ ድምር፣ በቀይ የተሰመረ።
ሰባተኛው «ሌላ ጥቅም»፤ ከወረቀቱ ጠርዝ የቀረ፣
የክብሪት እንጨት ስፋት፣ ከአንድ ቃል በላይ የማይችል።
«እሱ ባዶ ይለፍ» አሉኝ ኃላፊው፣ «ዝም ብሎ ይዘለል።»

ከጅማ በሌሊት ወጣሁ፣ በቦንጋ መንገድ፣ በሸቤ፣
እርሳስ ከነመቅረጫው ይዤ፣ ጥርጣሬም በልቤ።
በለጠ ደን አፋፍ ላይ ነዚፍ አባ ሜጫ ጠበቀኝ፣
ሃያ ዓመት ጥበቃ ነው፤ የከተማ ጫማዬን አይቶ ሳቀብኝ።

ቀረሮውን በሜትር ልዞረው አልኩ፤ ጫፍና ጫፉ አልደረሰ፤
ነዚፍ ቀበቶውን ፈትቶ ቀጠለልኝ፣ በአንድ እጁ ሱሪውን እያፈሰ።
ጻፍኩ። ተባዛ። ተደመረ።
ለጣውላው ይኼን ያህል ብር። ዛፉ ግን ቆሞ ነበረ።
ከሥሩ ደግሞ ብቅ ያለ፣ ክንዴን የማያክል ምንጭ፣
ቅጠል ከቅጠል እያላጋ እንደ ግልገል የሚፈነጭ።
«ይኼስ?» አለኝ ነዚፍ፤ «ይኼ በስንት ይመዘገባል?»
«በኔ ቅጽ ውኃ የለም» አልኩት፤ «ዝም በለው፣ ይፈሳል።»

ይፈሳል። ጎጀብ ይወርዳል፤ ጎጀብም ኦሞን ይሞላል፣
ኦሞ ግድብ ሥር ታፍኖ ብርሃን ሆኖ ይወጣል፤
በሽቦ ሽቅብ ተመልሶ፣ ሒርማታ፣ ገበያው ዳር፣
የሸምሲያን የስፌት መኪና ያዞራል፣ ዩኒፎርም ስታሳጥር።
ቀረሮ አይታ አታውቅም፤ ጎጀብ የት እንዳለ አታውቅ፤
መብራት ሲሄድ ቀና ትላለች፣ አምፖሉን ብቻ ልትጠይቅ።

ከላይ ቀፎ ተሰቅሏል። የሲንቦ ነው ብሎ ነገረኝ፣
«ማሩ የሱ ነው፣ ንቡ ግን የሁሉ ነው» ሲል አረመኝ።
«ወንዝ ተሻግሮ የሰው ባቄላ፣ የድሃ ዱባ ያስይዛል፤
ደሞዝ አይጠይቅ፣ ፊርማ የለው። ማን ሊመዘግበው ይችላል?»

አንድ ራቁት ጉብታ አለ፣ ከደኑ ወጣ ሲባል።
«ይኼን የመንግሥት ነው እያለ ሁሉም በሌሊት ተቀራምቶታል፤
የኔ ነው ያለ አልነበረም፤ ሲያልቅ ግን ሁሉም አጣ፤
ጎርፉም 'የማን ነህ?' አላለም፤ እንዲያው ዝም ብሎ መጣ።
የእናቴ የበቆሎ ማሳ...» አለና ቃሉን ዋጠው፤
ከመሬት የሸክላ ስባሪ አነሳ፣
ጠራርጎ መልሶ አስቀመጠው።

አባቴ በርጩማ ጠራቢ ነበር፣ ጅማ፣ አጂፕ ሰፈር፤
በዋንዛ ፍቅፋቂ ነው ያደግኩት፣ ደብተሬም ከዚያ ነበር።
ስለዚህ ጣውላን አልንቅም፤ ስድስቱን ዓምድ በእምነት ሞላሁ፤
ግን አባቴ ከአንድ ግንድ ሦስት እግር ሲያወጣ አይቻለሁ፣
አንዱ ቢጎድል በርጩማው ለደቂቃ እንደማይቆም፤
ከላይ የሚቀመጥ ሰው ግን አጎንብሶ እግሩን አያይም።

ዝናብ መጣ። ከቀረሮው ሥር ተሰብስበን ተጠለልን፦
ሁለት ተማሪ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር፣ ባለ ጭነት ፈረስ።
ማንም ደረሰኝ አልቆረጠልን።

ማታ ጅማ ተመለስኩ፤ አዌቱ ሞልቶ ይጮኻል፤
ጫማዬ ጭቃ፣ ቅጼም ጭቃ፤ ስድስቱ ዓምድ ተሞልቷል።
ዓምድ! አባቶች ቤት ሲሠሩ መሀል የሚያቆሙት ምሰሶ፣
እዚህ ግን ቀጭን መስመር ሆነ፣ ቀለሙ እንኳ ደብዝዞ፣ አንሶ።
ቢሆንም ባዶ አልተውኩትም፤ የክብሪት ስፋቱ ላይ
አንዲት ቃል አስገባሁበት፣ ፊደሏን አጥብቤ፣ እንድትታይ።

ጠዋት ኃላፊው መነጽራቸውን ገፉ፣ ቅጹን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤
ድምሩን በጣታቸው ተከትለው እስከ ጠርዙ ተሻገሩ።
«የደኑን ስም ያለቦታው ጻፍሽው» አሉኝ፤ እርሳሳቸው ተቀመጠ።
«ስም አይደለም፣ ግስ ነው፤ ያንብቡት» አልኳቸው፤
«በለጠ።»